ለባዳ የሚነገር ጭንቀት

በአዲስ አበባ የግል ክሊኒኮች ኮሪደር ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ዓይነት ታካሚ አለ። ዕድሜው ከሠላሳ እስከ አርባ አምስት ይሆናል፤ ሥራ አለው፣ ደህና ለብሷል፣ በእጁ ወፈር ያለ ፌስታል ይዟል። ፌስታሉ ውስጥ የኢሲጂ ወረቀት አለ። የኢንዶስኮፒ ውጤት አለ። «የጨጓራ ባክቴሪያ ነው» ተብሎ ለሁለት ሳምንት የዋጠው መድኃኒት ማዘዣ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ከዘመድ ተበድሮ የተነሣው የራስ ኤምአርአይ። ሁሉም «ደህና ነህ» ይላሉ። እሱ ግን ደህና አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይባንናል፣ ታክሲ ውስጥ አየር ያጥረዋል፣ እሑድ ከሰዓት ሲሆን የሰኞን ነገር እያሰበ ሆዱ ይላወሳል። ከስንት ሐኪም በኋላ አንዱ «ጭንቀት ነገር ይኖርብህ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቀው ፊቱ ይለዋወጣል። እሱ የሰማው «አብደሃል» የሚል ነው።

በዚህ ሰው አልፈርድም። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ የምር ይሠራል፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጨጓራና አንጀት ይታወካል። ሕመሙ የውሸት አይደለም። ምርመራውም ከንቱ አይደለም፤ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልክ እንደ ጭንቀት ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል። የደም ማነስም ድካሙን ሊያመጣ ይችላል። እነዚህን አንድ ጊዜ አጣርቶ ማለፍ ደግ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ካጣሩ በኋላ ነው፤ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ኦሜፕራዞል። በዚህ ዙረት የሚያልቀው ብር ለብዙ ሳምንት የሳይኮቴራፒ ቀጠሮ በበቃ ነበር። ታዲያ ወደዚያኛው በር ለምን አይኬድም?

አንዱ ምክንያት በሩ የተሠራበት መንገድ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተከፈተ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከየክፍለ ሀገሩ እጅና እግሩን ታስሮ የሚመጣውን፣ ቤተሰብ ያቃተውን፣ መንገድ ላይ የወደቀውን ሁሉ ሲቀበል ከርሟል። በአገር ውስጥ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነበር የጀመረው። ከዚያ በፊት የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች ውጭ አገር የተማሩ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር አልጋውም ሐኪሙም እጅግ ለታመመው ቢውል አይገርምም። ውጤቱ ግን በከተማው አፍ ላይ ቀረ፤ የሆስፒታሉ ስም ስድብ ሆነ። ዛሬ ጥቁር አንበሳም፣ ቅዱስ ጳውሎስም፣ ዘውዲቱም፣ የካቲት 12ም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ የግል ማዕከላትም ተከፍተዋል። እንቅልፍ ያጣውና ሥራው ያንገፈገፈው ሰው ግን አሁንም ጉዳዩን የሚለካው በዚያው በድሮው ሚዛን ነው፦ «እኔ እዚያ አልደረስኩም።»

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያከራክራል። «እኛ አገር ሰው ችግሩን የሚያጫውተው መች አጣ?» ይባላል። ቡና አለ፣ ጎረቤት አለ፣ እድር አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ ሼኩ አሉ። ገንዘብ ከፍሎ ለማያውቁት ሰው ገመናን መዘርገፍ የፈረንጅ ብቸኝነት ያመጣው ጣጣ ነው ይላሉ።

ነገሩን በቀላሉ ማጣጣል አይገባም። የንስሐ አባት ምስጢር ይጠብቃሉ፣ በየጊዜው ይገኛሉ፣ ሰውን ከልጅነቱ ያውቁታል፤ ይህን ሁሉ የሚያሟላ ተቋም ከዜሮ እንገንባ ብንል ዕድሜያችን አይበቃም። ጸበሉም ቢሆን ከሕክምናው ጋር የግድ አይጣላም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ለአእምሮ ሕመምም ያው ምክር የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ዳሩ ግን ወደ ንስሐ አባት የሚኬደው ጥፋትን ይዞ ነው። በጭንቀት የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ያጠፋው ነገር የለም፤ እንዲያውም ያላጠፋውን ጥፋት ሲፈልግ የሚያድር ነው። ንስሐ ሲሰጠው ሊብስበት ይችላል።

ወዳጅ ዘመድስ? ለእናቱ ቢነግር ደም ግፊታቸው ይነሣል። ለሚስቱ ቢነግር የቤት ኪራዩ ነገር ያሳስባታል። ለጓደኛው እንዳይነግር ጓደኛው የባንክ ብድር ዋሱ ነው። ታናሽ ወንድሙ በየወሩ የሚላክለትን ብር ይጠብቃል። የሚያዳምጠው ሰው ሁሉ ከሕይወቱ ድርሻ ስላለው፣ ለእያንዳንዱ የሚናገረውን እየቆረጠና እያሳመረ ያቀርባል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው። ሳይቆርጥ ቢናገርም መልሱ ይታወቃል፤ «ባክህ ተወው፣ አታስብ!» በአገራችን ከሚታዘዙ መድኃኒቶች ሁሉ በብዛት የሚታዘዘው «አታስብ» ነው። አንድም ሰው ሲያድን አልታየም።

ቴራፒስት የሚጠቅመው ባዳ በመሆኑ ነው። ሠርግህ ላይ አይጠራም፣ ለቅሶህ ላይ አይቀመጥም፣ የነገርከው ነገር የእሱን ኑሮ አያናጋም። ከፍለህ መሄድህም ራሱ ፋይዳ አለው። በእኛ ዘንድ መደመጥ ውለታ ነው፤ ያዳመጠህን ሰው በተራው ታዳምጠዋለህ፣ ካላዳመጥከው ትወቀሳለህ። ክፍያው ይህን ዕዳ ይሰርዛል። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ስለ ራስ ብቻ ማውራት ነውር የማይሆንበት ቦታ በከተማችን ሌላ የት አለ?

ውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችን ይህን ባዳነት በሌላ በኩል ነው የሚያገኙት። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር፣ ቀን አንድ ሥራ ማታ ሌላ ሥራ የሚሠራ ሰው ስልክ ሲደወልለት «ደህና ነኝ» ይላል፤ በእጁ የሚበሉትን ሰዎች «ደከመኝ» አይላቸውም። ቴራፒስት ልፈልግ ቢል አማርኛ ተናጋሪው ባለሙያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገኘው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ባዳነቱ ጠፋ። ፈረንጁ ጋ ሲሄድ ወሬው አይወጣም፣ ነገር ግን የአጎቱ ለቅሶ ላይ አለመገኘቱ ለምን ዓመት ሙሉ እንደሚያንገበግበው ለማስረዳት ሁለት ቀጠሮ ያልቅበታል። በቪዲዮ የሚደረግ ሕክምና ይህን ቋጠሮ በመጠኑ ፈትቶታል፤ የአዲስ አበባው ባለሙያ ለባሕር ማዶው፣ የባሕር ማዶው ለአዲስ አበባው ይደርሳል።

ወደ ክፍሉ ውስጥ እንግባ። ከፊልም የተማርነው ረጅም ሶፋ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ሁለት ወንበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ አንድ ፓኮ ሶፍት። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ይበዛበታል፦ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብስ? በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የታመመ ሰው አለ? ጫት ትቅማለህ? ትጠጣለህ? ቡናስ በቀን ስንት? ይህ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ አቦል ቶና በረካ እየተባለ የሚጠጣ ቡና የተጨነቀን ልብ ያስመታል፣ ጫቱም እንቅልፉን ይወስዳል። ከዚያ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል፤ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? ባለሙያ ይህን መጠየቁ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም፤ ብዙዎች እንዲያውም በመጠየቃቸው እፎይ ይላሉ። ምስጢር እንደሚጠበቅ፣ የማይጠበቀውም መቼ እንደሆነ ያን ቀን ይነገራል፤ የራስ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው።

አንዳንዱ ባለሙያ አጭር መጠይቅ ይሰጣል። ለጭንቀት በብዙ አገር የተለመደው ሰባት ጥያቄ ያለው ነው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የመረበሽ ስሜት ምን ያህል ተመላለሰብዎ፣ ሐሳብን መቆጣጠር አቃተዎት ወይ፣ እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ ከ21 ይታሰባል፤ 10ና ከዚያ በላይ የመጣለት ሰው ጠለቅ ያለ ምርመራ ይገባዋል ማለት ነው። ቁጥሩ ፍርድ አይደለም። ጥቅሙ ከስድስት ሳምንት በኋላ ያንኑ መጠይቅ ሲሞሉ ለውጥ መኖር አለመኖሩን በዓይን ማሳየቱ ነው።

አንድ የእኛ የሆነ እንቅፋትም አለ። የሃያ ስምንት ዓመት ሳይኮሎጂስት ፊት የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ሲቀመጥ ባለሙያው «ጋሼ» ብሎ ይጀምራል። «ጋሼ» ያሉትን ሰው ስለ ትዳሩ መኝታ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ ለቅሶው መጠየቅ ቀላል አይደለም፤ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም። ጎበዝ ባለሙያ ይህን ሸፍኖ አያልፈውም። «ጋሼ፣ ልጅዎ የምሆን ሰው ይህን ስጠይቅዎ ይከብድ ይሆናል» ብሎ ነገሩን ጠረጴዛው ላይ ያወጣዋል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው፤ ማልቀሻ ቦታ ፈልጎ የሄደ ሰው ቅር የሚለውም እዚህ ላይ ነው። ለጭንቀት በስፋት ከሚሰጡት የሕክምና ዓይነቶች አንዱ የኮግኒቲቭ ቢሄቪየር ቴራፒ ነው፤ መሠረቱን የጣለው አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በብዛት ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል፤ የቤት ሥራ አለው፤ ደብተር ይያዛል። ለምሳሌ ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ ሰላም ሳይሉ አለፉ እንበል። አንደኛው ዓምድ ላይ የሆነው ነገር ብቻ ይጻፋል፤ «ሰላም ሳይሉኝ አለፉ።» ሁለተኛው ላይ የመጣው ሐሳብ፤ «ሊያባርሩኝ ነው።» ሦስተኛው ላይ ስሜቱ ከመቶ ስንት እንደሆነ፤ ፍርሃት፣ ሰማንያ። አራተኛው ላይ ማስረጃ፤ ደግፎ የሚመሰክር፣ ተቃውሞ የሚመሰክር። ሰውየው ስልክ እያወሩ ነበር፤ ጓደኛዬንም ሰላም አላሉትም፤ ባለፈው ሳምንት ሪፖርቴን አመስግነዋል። ፍርሃቱ አሁን ስንት ነው? አርባ አምስት። ይኸው ነው። አሰልቺ ነው፣ ተአምር የለውም፣ ግን ለብዙዎች ይሠራል።

ከዚህም የሚከብደው ሽሽትን መተው ነው። መገናኛ ታክሲ ውስጥ በድንገት ልቡ ተነሥቶ «ሞትኩ» ያለ ሰው በነጋታው ታክሲ ይፈራል። ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ሊፍት፣ ከዚያ ስብሰባ። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ሽብር በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ይደርስና በራሱ ይወርዳል፤ ሰውየው ግን ጫፉ ላይ ሳለ «ወራጅ አለ!» ብሎ ስለሚወርድ፣ አእምሮው ያዳነው መውረዱ ይመስለዋል። ቴራፒስቱ ደረጃ አውጥቶ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ከመገናኛ ጉርድ ሾላ ብቻ፣ ከሰው ጋር። ከዚያ ብቻውን። ከዚያ እስከ ሲኤምሲ። ከዚያ አያት፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ መሐል ወንበር ላይ። አላማው ፍርሃት እንዳይመጣ ማድረግ ሳይሆን ቢመጣም ሳይወርዱ መድረስ ነው።

አንዳንዱ ቀጠሮ ከገቡበት አስከፍቶ ያስወጣል፤ ሰው ትቶ የሚቀረውም በዚያን ጊዜ ነው። መተው ከማሰብ በፊት ለባለሙያው «ባለፈው ሄጄ ባሰብኝ» ማለት ይሻላል፤ ያ ራሱ የሕክምናው አካል ነው። መድኃኒት ያስፈለገው ሰውም አለ። ፍሉኦክሴቲንን የመሰሉት መድኃኒቶች ሳምንታት ቆይተው ነው የሚሠሩት፤ በአራተኛው ቀን «ምንም አላደረገልኝም» ብሎ መጣል ብር መጣል ነው። ጓደኛ «እኔ ተኝቼበታለሁ» ብሎ የሚያቀብለው ዲያዜፓም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሱስ ያሲዛል።

እስካሁን ያልኩት ስለ ጭንቀት ነው። በሥራ መሰላቸትና ነዶ ማለቅ፣ በርንአውት የሚሉት፣ ለብቻው መታየት አለበት። ስሙን በ1974 እ.ኤ.አ. ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የኒውዮርክ ሳይኮሎጂስት ነበር፤ በነፃ ክሊኒክ የሚያገለግሉ ባልደረቦቹ በፍቅር የጀመሩት ሥራ እንዴት እንደጨረሳቸው አይቶ ነው የጻፈው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ሦስት ምልክት አስቀመጠለት፤ መዛል፣ ከሥራው መራቅና ሥራውን መጥላት፣ ውጤታማነት መቀነስ። በሽታ ግን አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ክስተት ነው አለ። ይህ አባባል ተጠያቂውን ይቀይራል።

የባንክ ቅርንጫፍ እንመልከት። የበጀት ዓመቱ በሰኔ ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት ለቁጠባ አሰባሰብ የተሰጠው ዕቅድ ይሞላ ዘንድ ሠራተኛው ዘመድ አዝማዱን «ሒሳብ ክፈቱልኝ» እያለ የሚለምንባቸው ናቸው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የቅርንጫፉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሠንጠረዥ ይለጠፋል፤ ስምህ ከታች ነው። ይህን ሰው ቴራፒስት ጋ ልኮ «አተነፋፈስ ተማር» ማለት አመዱን ጠርጎ እሳቱን መተው ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ በየአዳራሹ በትኬት የሚሰጠው አነቃቂ ንግግር ነው። ነዶ ያለቀ ሰው የጎደለው ፍላጎት አይደለም፤ ሲፈልግ ሲፈልግ ነው ያለቀው። «ትችላለህ!» ተብሎ ሲጮህበት የሚሰማው «ያልቻልከው ስለሰነፍክ ነው» የሚል ነው።

ሕጉ ይህን ያህል ባዶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በሳምንት ከ48 አያሳልፍም፤ ትርፍ ሰዓትንም በቀን 4 በሳምንት 12 ላይ ይገታል። የዓመት ፈቃዱ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል። ለሕመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ይፈቀዳል። የሥራ መሪዎች ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ሠንጠረዡን የሚለጥፈው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ከለላ የለውም። ሠራተኛውም ቢሆን መብቱን የሚያስከብረው በሐኪም ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም የአማኑኤል ከሆነ ደግሞ የሰው ኃይል ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጥ ደመወዙን ቢያጣ የሚመርጥ ብዙ ነው። አሠሪዎች ይህን ማስተካከል ይችላሉ፤ ብዙ ወጪ የለውም። የሕመም ፈቃድ ወረቀት ከአንድ ምስጢር ጠባቂ ሰው በቀር ማንም እንዳያየው ማድረግ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ግሩፑን መዝጋት፣ የቅርንጫፍ ደረጃ ሠንጠረዡን ማንሣት። ይህን ያላደረገ ድርጅት «የአእምሮ ጤና ቀን» ብሎ ቲሸርት ባያሠራ ይሻለዋል።

ኑሮውም አለ። ቴራፒስት የጤፍ ዋጋ አያወርድም፤ የቤት አከራይ አያስታርቅም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በችግር ውስጥ ላሉ ማኅበረሰቦች ያዘጋጀው በአምስት ቀጠሮ የሚያልቅ አጭር ሥልጠና፣ ችግርን ሊፈታ የሚችልና ሊፈታ የማይችል ብሎ መለየትን ያስተምራል፤ የሚሰጠውም ስፔሻሊስት ባልሆኑ የሠለጠኑ ሰዎች ነው። ሐራሬ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ ሳይካትሪስት በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሥራም ከዚህ ይመሳሰላል፤ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰው ጭንቀት ይሰማሉ፣ መፍትሔ አብረው ይፈልጋሉ። ዘዴው እንደሚሠራ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታይቷል። የግል ቀጠሮ ዋጋ ለከበደው ሕዝብ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ላላት አገር፣ ይህ የሩቅ ሐሳብ አይደለም።

ለመጀመር ያሰበ አንባቢ ጥቂት ነገር ይያዝ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። ሳይኮሎጂስቱ መድኃኒት አያዝዝም፤ በንግግርና በልምምድ ያክማል። ማንኛውንም ቢሆን የሙያ ፈቃዱን ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ በቲክቶክ ብዙ ተከታይ ማፍራትም ፈቃድ አይደለም። በሦስት አራት ቀጠሮ ካልተግባቡ ባለሙያ ይቀይሩ፤ እሱ ቅር የሚለው ከሆነ መቀየርዎ ልክ ነበር ማለት ነው። አቅም ካጠረ በአቅራቢያዎ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካለው እዚያ ካርድ ያውጡ፤ ወረፋው ይረዝማል፣ ዋጋው ግን ያንሳል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ። ያን ቀን፣ አንድ የሚያምኑትን ሰው አስከትለው፣ ወደቀረብዎ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።